የሽኮኮ ጎጆ በሱቅ ፍሪዘር ውስጥ፦ የአንድ ክረምት የሥራ ማስታወሻ ከሀዋሳ

ሰኔ 28

ነገሩ የጀመረው በሚጡ ጥያቄ ነው። ሚጡ የእህቴ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን እኛ ጋ ሀዋሳ ልታሳልፍ መጣች። ትናንት ማታ ቴሌቪዥን ላይ በረዶ በሸፈነው ጫካ ውስጥ አንዲት ሽኮኮ ስትሮጥ አየችና «አጎቴ፣ ምድሩ ሁሉ በረዶ ከሆነ ምን ትበላለች? የትስ ትተኛለች?» አለችኝ። «ጉድጓድ ገብታ ክረምቱን በሙሉ ትተኛለች» ብዬ አለፍኩት። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። የነገርኳት ትክክል አልነበረም። ዛፍ ላይ የምትኖረው ሽኮኮ ብርዱን የምታልፈው ነቅታ፣ እየበላችና እየሮጠች ነው።

ጠዋት ቁርስ ላይ መሳሳቴን ነገርኳት። «እንግዲያው እኛ ራሳችን እንሞክረዋ!» አለች። እኔ የምተዳደረው ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመጠገን ነው፤ ሙቀት የሚለካ ሽቦ ያለው መልቲሜትር አለኝ። እሷ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ጊዜ አላት። የሽኮኮ ጎጆ ሠርተን ብርድ ውስጥ ልንፈትነው፣ እንደ እነሱ ምግብ ቀብረንም ስንቱን መልሰን እንደምናገኝ ልናይ ተስማማን። የሆነውን እዚህ እጽፋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ቃል ልለይ። ሽኮኮ የምንለው ሁለት የማይገናኙ እንስሳትን ነው። አንዱ በቋጥኝ መካከል የሚኖረው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቤቱን በድንጋይ ውስጥ ያደርጋል የተባለው ነው፤ ጅራት የለውም ማለት ይቻላል፣ ቅርብ ዘመዱም ዝሆን ነው። እኔ የምጽፈው ስለ ሌላዋ፣ ጅራቷ እንደ ብሩሽ ስለሆነው፣ ፍሬ በእጇ ይዛ ስለምትቆረጥመው ነው። ክረምት የሚለውም ቃል ያሳስታል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ የእነሱ በረዶ ነው። እነሱ በረዶ ሲወርድባቸው እኛ ጋ ታኅሣሥና ጥር ነው፣ ገናን በጠራራ ፀሐይ የምናከብርበት። ስለዚህ የእነሱን ወቅት ከዚህ በኋላ «የበረዶው ወራት» እለዋለሁ።

ሐምሌ 1

ጎጆውን ጀመርን። የሰሜን አሜሪካዋ ግራጫ ሽኮኮ አሮጌ ግንድ ውስጥ ባዶ ቦታ ካገኘች እሱን ትመርጣለች። ካጣች ቅርንጫፍ ከግንድ በሚለይበት ቦታ ላይ ክብ ጎጆ ትሠራለች፤ ከውጭ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ መሀሉን ደግሞ ሳርና በጥርሷ ያለሰለሰችው የዛፍ ልጥ ታደርግበታለች። መጠኑ ከኳስ ተለቅ ይላል። ከታች ለሚያየው የተዝረከረከ የወፍ ጎጆ ይመስላል።

እኛ ግቢ አቮካዶ አለ። ሥሩ የወደቀውን ደረቅ ቅጠል ሰበሰብን፣ ጭራሮውን ከአጥሩ ጥግ። ሚጡ ሳሩን አመጣች። ማታ ላይ ጎጆ የሚመስል ነገር ቆመ። ስናነሳው ግማሹ ቅጠል ተፈረካክሶ መሬት ላይ ቀረ።

ሐምሌ 4

ዛሬ ቀበራ ነው። አሮጌው ገበያ ሄደን ጥሬ ለውዝ ከነቅርፊቱ ገዛን። የተቆላ እንዳይሆን አደራ፣ ለምን እንደሆነ ኋላ ይታያል። ሃያ ለእኔ፣ ሃያ ለሚጡ። ደንቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትቀበራለች፣ ምልክት ማድረግ የለም፣ መጻፍ የለም።

ግራጫዋ ሽኮኮ የምታደርገው ይኸንኑ ነው። ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ፣ በእኛ ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ፣ ፍሬ እየለቀመች አንድ አንዱን ለየብቻው ትቀብራለች። በአንድ ወቅት በሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ትቀብራለች። አንድ ቦታ ብታከማች ሌባ አንድ ቀን አግኝቶ ባዶ ያስቀራታል። ዘመዷ የሆነችው የአሜሪካ ቀይ ሽኮኮ ግን ተቃራኒውን ነው የምትሠራው፤ የጥድ ፍሬ በአንድ ቦታ ትከምርና ክምሯን እየጮኸች ትጠብቃለች። እንጉዳይም ሰብስባ ቅርንጫፍ ላይ ታደርቃለች፣ ልክ እኛ ቋንጣ እንደምንሰቅለው።

ስንቀብር አንድ ቁራ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ያየን ነበር። እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ወደ ቤት ገባን ስንል ወረደና የሚጡን ለውዝ ቆፍሮ አወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሦስት ወሰደ። ሚጡ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ሽኮኮዎቹም ይኸው ችግር አለባቸው፤ የሚያያቸው ካለ ጉድጓድ ቆፍረው ፍሬውን የጨመሩ አስመስለው አፈር ይመልሱበታል፣ ፍሬው ግን አፋቸው ውስጥ ነው። ይኼን ስነግራት ተነሳችና ቁራው እያየ አምስት ባዶ ጉድጓድ ቆፍራ ደፈነች። ቁራው ሁለቱን ቆፍሮ ሄደ።

ማታ ቡና ላይ ለእማዬ ስናወራላት «እኛስ ቆጮውን የምንቀብረው ለምንድነው?» አለች። እውነቷን ነው። እዚህ ሲዳማ ምድር የእንሰቱ ምግብ ተፍቆ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፤ ወራት ይቆያል፣ ሌላ እህል በጠፋ ጊዜ እሱ ቤት ያድናል። ሽኮኮን እንግዳ ነገር አድርጌ ማሰቤን ያኔ ተውኩ።

ሐምሌ 6

የመጀመሪያው ፈተና። ብርድ ከየት ይመጣል? ሀዋሳ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝ የሹራብ ብርድ ነው። የሰፈራችን ሱቅ ባለቤት የሳጥን ፍሪዘር አለው፣ በክረምት ለስላሳ ብዙ ስለማይሸጥ ግማሹ ባዶ ነው። ጠየቅነው፣ ፈቀደልን። ውስጡን ስለካ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ነው። በረዶ ባለበት አገር ይኼ የተለመደ ሌሊት ነው፤ አላስካ ውስጥ ፌርባንክስ በምትባለው ከተማ ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ ይኖራል።

ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ 40 ዲግሪ በሆነ ውኃ ሞላን። የሽኮኮ ገላ ሙቀት ለዚያ ስለሚቀርብ ነው። አንዱን ብቻውን፣ ሌላውን ጎጆው መሀል አስቀመጥን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብቻውን የተቀመጠው 12 ዲግሪ ወርዷል። ጎጆ ውስጥ ያለው 20። ልዩነት አለው ግን ደስ አላለኝም። እጄን ስሰድ ነፋሱ በቅጠሎቹ መካከል እንደልቡ ይገባል።

ሐምሌ 7

ምን እንዳጠፋን አወቅሁ። ሽኮኮዋ የወደቀ ቅጠል ለቅማ አይደለም ዋናውን ግድግዳ የምትሠራው። ቅርንጫፉን ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እያለ በጥርሷ ትቆርጠዋለች። እንዲህ የተቆረጠ ቅጠል ሲደርቅም ከጭራሮው አይላቀቅም። ራሱ የወደቀ ቅጠል ግን ዛፉ ጨርሶ የለቀቀው ስለሆነ የሚይዘው የለም። ለዚህ ነው የእኛ የተፈረካከሰው። አቮካዶው መከርከም ስላለበት እማዬን አስፈቅደን ቀጫጭን ቅርንጫፍ ቆረጥን፣ እርስ በርስ እየጠላለፍን ከማድ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ሰቀልነው። በዚህ ዝናብ መቼ እንደሚደርቅ እንጃ።

ሐምሌ 9

ለውዝ ፍለጋ። አምስት ቀን ሆነው። እኔ ከሃያው ዘጠኝ አገኘሁ። ሚጡ አሥራ አራት! ቁራው የወሰደባትን ሦስት ሳንቆጥር። እንዴት አስታወስሽ አልኳት። «ከቧንቧው ሁለት እርምጃ፣ ከድንጋዩ አንድ እርምጃ» እያለች ቀብራለች። እኔ ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ነበር የቀበርኩት።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሉሲያ ጄኮብስ እና ኤሚሊ ሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች ይኼን በግራጫ ሽኮኮዎች ላይ ሞክረውታል። ሽኮኮዎቹ ራሳቸው የቀበሩትን፣ ሌላው አጠገቡ ከቀበረው በተሻለ መልሰው አገኙ። በማሽተት ብቻ ቢሆን ኖሮ የራስና የሰው ልዩነት ባልነበረው። ስለዚህ ቦታውን ያስታውሳሉ ማለት ነው። አፍንጫቸውም ይረዳቸዋል፣ በረዶ ሥር ያለውን ፍሬ ሳይቀር ያሸታሉ።

ያገኘናቸውን ሃያ ሦስቱን ቆልተን ከቡና ጋር በላናቸው።

ሐምሌ 15

ሚጡ ጮኸች። ወጥቼ ሳይ ቧንቧው አጠገብ አፈሩን ገፍቶ አንድ ለውዝ በቅሏል። ሁለት ወፍራም ቅጠል፣ መሀሉ ላይ የታጠፈ ቡቃያ። ዞር ዞር ስንል ሌላ ሦስት። ሁሉም የእኔ፣ ያላገኘኋቸው።

ጥሬ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነበር፣ እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብዬ ባላስብም። ሽኮኮ የረሳችው ወይም ሳትደርስበት የሞተችበት ፍሬ ዛፍ ይሆናል። የኦክ ጫካዎች ትልቁ ተካያቸው ሽኮኮ ናት ይባላል፣ ኦክ እኛ ጋ ብዙም የማይታወቅ ትልቅ ዛፍ ነው። ደግሞ ስታስበው ይኼ ለሽኮኮዋ ኪሳራ ነው፤ የበቀለ ፍሬ ስንቅ መሆኑ ይቀራል። ነጭ ኦክ የሚባለው ዝርያ ፍሬው እንደወደቀ ወዲያው ይበቅላል። እሷ ታዲያ ምን ታደርጋለች? ከመቅበሯ በፊት የፍሬውን ጫፍ ነክሳ ቡቃያ የሚሆነውን ክፍል ታወጣዋለች። እንዲህ የተደረገ ፍሬ ሳይበቅል ይቆይላታል። ቀይ ኦክ የሚባለው ግን እስከሚቀጥለው የሙቀት ወራት ስለማይበቅል ሳትነካው ትቀብረዋለች። ማን አስተማራት? ይኼን ያነበብኩ ዕለት ሥራ መሥራት አቅቶኝ ነው የዋልኩት።

ሐምሌ 17

ሁለተኛው ጎጆ ደረቀ። ከውጭ ከነቅጠሉ የተጠላለፈው የአቮካዶ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ተደራርቦ የተነጠፈ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ መሀሉ ቃጫ። ቃጫውን የሰጡን ጎረቤታችን ያሉ እናት ናቸው፣ እንሰት ሲፋቅ የሚቀረው ነው፣ ገመድና ጆንያ የሚሠራበት። የልጥን ቦታ ከእሱ የተሻለ የሚተካ ነገር እዚህ አገር ያለ አይመስለኝም። በጣት ስትፈታው ጥጥ ይመስላል።

ፍሪዘር ውስጥ አስገባን። በግማሽ ሰዓቱ መብራት ሄደ። ሥራው ሁሉ ተበላሸ።

ሐምሌ 18

ደገምነው። ብቻውን የተቀመጠው ሃይላንድ 13፣ ጎጆ ውስጥ ያለው 29! ሚጡ ሱቁ በር ላይ ዘለለች፤ የሱቁ ባለቤትም ለካ ከእኛ እኩል ጓጉቶ ነበር፣ ቁጥሩን ራሱ እንዲያነበው መልቲሜትሩን ተቀበለኝ።

ቅጠሉ ራሱ አይደለም የሚያሞቀው። በቅጠልና በቅጠል መካከል የቆመው አየር ነው። የመጀመሪያው ጎጆም አየር ነበረው ግን ይንቀሳቀሳል። ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በር ክፍት አድርጎ እንደመተኛት ነው። የሽኮኮዋ ፀጉርም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ለበረዶው ወራት ይወፍራል፣ ጅራቷንም ገላዋ ላይ ጠምጥማ ትተኛለች።

ሐምሌ 24

ዛሬ የምጽፈው ከሁሉም በላይ ያስገረመኝን ነው። ሌሊት የጣለው ዝናብ ያወቅኩትን ያህል ከባድ ነበር፣ ጎጆውን ደግሞ በረንዳው ጫፍ ላይ ረስተነው አደረ። እስከ መሀሉ ርሷል። ልንጥለው ስንል ሚጡ «እርጥብ ሆኖስ ምን ይሆናል?» አለች። እስኪንጠባጠብ ጠብቀን ፍሪዘር አስገባነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ 17 ዲግሪ! ያው ጎጆ፣ ያው ቅጠል፣ ያው ቃጫ። 29 የነበረው 17 ሆነ። ውኃው የአየሩን ቦታ ይዞ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያሳልፈዋል።

ከዚህ በፊት ሽኮኮን የሚገድላት ብርዱ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን ቅዝቃዜ ካለው ዝናብ በላይ የሚያስፈራት ነገር ያለ አይመስለኝም። ለካ ቅጠሉን እንደ ሳር ክዳን ደርባ ደርባ የምታነጥፈው ውኃው ከላይ ከላዩ እንዲወርድ ነው። የእኛ ላዩ ላይ ክዳን አልነበረውም። የሲዳማ ቤት የሚከድን ሰው ቢያየን ገና ከጅምሩ ያርመን ነበር።

ነሐሴ 2

ጎጆውን አደረቅነው፣ ከላይ ከደንነው፣ ቧንቧ ሥር አስቀምጠን ውኃ ለቀቅንበት። መሀሉ ደረቅ ነው።

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ሃይላንድ ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል። ሽኮኮ ግን ሙቀት ታመነጫለች፣ ምግቧን እያቃጠለች። ስለዚህ ምድጃ ሠራሁላት። 47 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚሞቅ ትንሽ ዕቃ ነው)፣ ባለ 10 ዋቱን ወፍራሙን፣ ትንሽ ጣሳ ውስጥ አድርጌ ከባጃጅ ባትሪ ጋር አገናኘሁት። 12 ቮልት ላይ ሦስት ዋት ገደማ ይሰጣል። የሽኮኮ ሙቀት በትክክል ይህን ያህል ነው እያልኩ አይደለም፣ ለማነጻጸር ነው። ሊሞክር የሚፈልግ ካለ ሬዚስተሩን ቅጠል ላይ በቀጥታ እንዳያስቀምጥ፣ ይቃጠላል።

ማታ አስገብተን ጠዋት አየነው። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 14፣ ጎጆው ውስጥ 8። በማግሥቱ ሁለት ጣሳ አስገባን፣ ሁለት ሽኮኮ መሆኑ ነው። 27!

ግራጫ ሽኮኮዎች ሌላውን ጊዜ ለየብቻ መኖር የሚወዱ ናቸው፣ በብርድ ጊዜ ግን አንድ ጎጆ ተጋርተው የሚያድሩ አሉ። በራሪ ሽኮኮ የሚባሉት፣ ከዛፍ ዛፍ ቆዳቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት፣ በርከት ብለው ተቃቅፈው ያድራሉ። ሁለተኛዋ ሽኮኮ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት በቁጥር ሳየው ሚጡን ጠርቼ ደግሜ አስለካኋት። «እማማ ብርድ ሲሆን ነይ አብረሽኝ ተኚ የምትለኝ ለዚህ ነው» አለች።

ነሐሴ 9

ዛሬ ሥራ የለም፣ ንባብ ብቻ። «ጉድጓድ ገብታ ትተኛለች» ያልኩት ጨርሶ ከንቱ አልነበረም ለካ። መሬት ውስጥ የሚኖሩ ሽኮኮዎች አሉ፣ ብዙዎቹ በእውነት ይተኛሉ። ከእነሱ የአርክቲኳ፣ በሰሜን ጫፍ ባለው የበረዶ ምድር የምትኖረው፣ ትለያለች። ከዓመቱ ሰባት ስምንት ወር ጉድጓዷ ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ብራያን ባርንስ የተባለ የአላስካ ተመራማሪ የገላዋ ሙቀት ከዜሮ በታች 2.9 ዲግሪ እንደሚወርድ አሳየ። ደሟ ግን አይረጋም! በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እየተንቀጠቀጠች ገላዋን ወደ 37 ዲግሪ ገደማ ትመልሳለች፣ አንድ ቀን እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተመልሳ ትቀዘቅዛለች። ሙሉውን ጊዜ በስቧ ነው የምትኖረው።

ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛዋ እሳቷን ልታጠፋው ጥቂት እስኪቀር ትቀንሰዋለች። የዛፏ ደግሞ እሳቷን ሳትቀንስ ማገዶ ትሰበስባለች፤ ቀኑ ሲከፋ ከጎጆዋ አትወጣም፣ ሲሻል ደግሞ እኩለ ቀን አካባቢ ወጥታ የቀበረችውን በልታ ትመለሳለች። እኛም አገር የመሬት ሽኮኮ አለን፤ አዋሽ ፓርክ የሄደ ሰው በግራሩ ሥር ስትሮጥ ያያታል። በረዶ ስለማታውቅ የበረዶው ወራት እንቅልፍም የላትም።

ነሐሴ 21

ለውዞቹ አበቡ! በድምሩ ስምንት ናቸው የበቀሉት፣ አምስት የእኔ ሦስት የሚጡ። ቁራው ከወሰደውና ከተበላው ውጪ አሥራ አራት ነበር የቀረው፣ ስድስቱ የት እንደገቡ አይታወቅም። ቢጫ፣ ትንንሽ አበባ፣ ጠዋት ተከፍታ ከሰዓት የምትጠወልግ።

ለሚጡ የሳይቤሪያዋን ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2012 የሩሲያ ተመራማሪዎች ኮሊማ በሚባል ወንዝ አካባቢ፣ ከ30 ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ፣ የጥንት ሽኮኮ ጎተራ ማግኘታቸውን አስታወቁ። አፈሩ ከበረዶ ጋር እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይዞታል። ውስጡ የነበረው ፍሬ 32,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከፍሬው ሕብረ ሕዋስ ወስደው ተክሉን አሳደጉት፣ ነጭ አበባም አበበ። አንዲት ሽኮኮ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ስንቅ ነው፣ ሳትበላው ቀረች። ሚጡ ዝም ብላ ቆየችና «ምን ሆና ይሆን?» አለች።

ጳጉሜ 3

ሚጡ ነገ ትሄዳለች፣ ትምህርት ሊከፈት ነው። ጎጆውን አቮካዶው ላይ፣ ቅርንጫፍ ከግንድ በሚለይበት ቦታ አሰርነው። ሽኮኮ እንደማይመጣ ታውቃለች፣ ግን ወፍ ሊገባበት ይችላል።

ጠዋት ልትሰናበታቸው ለውዞቹ ጋ ተንበርክካ ሳለች ጠራችኝ። አበባው ከረገፈበት ቦታ ቀጭን፣ ሐምራዊ መሰል ክር ወጥቶ ወደ ታች ጎንበስ ብሏል። አንዱ አፈሩን ነክቷል፣ አንዱ ጫፉ ገብቷል። ለውዝ እንዲህ ነው፤ አበባው ከላይ ይሆናል፣ ፍሬውን ግን ራሱ መሬት ውስጥ አስገብቶ ነው የሚያፈራው። «አጎቴ፣ ራሱ እየቀበረ ነው!» አለች። አፈሩ ጠንክሮ ስለነበር በጣቷ አላላችለት። የስምንቱን ቦታ ከቧንቧውና ከድንጋዩ እየለካች ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፣ እኔ እንደምረሳ ስለምታውቅ። በጥቅምት መጨረሻ ቆፍሬ ስንት እንዳፈራ ልደውልላት ቃል ገብቻለሁ።